ጋዝ ጎተራ የለውም

ባለፈው ደብረ ማርቆስ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን፣ ዘንድሮ በኬሚካል ምህንድስና የተመረቀው የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ የተፈጥሮ ጋዝ ላይ ልሠራ አስቤያለሁ። መንግሥት ቢቀየርስ?» አለኝ። መልሱ ረዘም ስለሚል ለእኩዮቹም ይሁን ብዬ ጻፍኩት።

በወጣትነቴ ኦጋዴን ከሩሲያዎቹ ጋር ሠርቻለሁ። የካሉብን ጋዝ በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ያገኙት አሜሪካኖች ነበሩ። ደርግ መጣ፣ እነሱ ሄዱ፣ ሶቪየቶቹ ተተኩ። 1983 ላይ ደርግ ወደቀ፣ የእኛም ሥራ አበቃ። ጓዜን ጠቅልዬ ጎጃም ስገባ አንድ የጉድጓድ መመዝገቢያ ደብተር ሻንጣዬ ውስጥ ቀርቶ ነበር። የመጨረሻው ገጽ ግማሹ ባዶ ነው። ጋዝን የሚገድለው የመንግሥት ለውጥ ነው ብዬ ስንት ዘመን ኖርኩ!

ሐሳቤን ያስቀየረኝ የካናዳው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ብሪቲሽ ኮሎምቢያ የተባለውን የካናዳ ክፍለ ግዛት 16 ዓመት የገዛው ፓርቲ ወረደ። አዲሱ መንግሥት በገባ በሳምንቱ ፔትሮናስ (አዎ፣ ኦጋዴንም ገብቶ የወጣው የማሌዥያው የነዳጅ ኩባንያ) 36 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር ይፈጃል የተባለውን የጋዝ ኤክስፖርት ፕሮጀክት ሰረዘ። ብዙ ሰው ጣቱን መንግሥት ላይ ቀሰረ። ኩባንያው ግን የገበያው ዋጋ መውረዱን ነው ያነሳው። በዓመቱ፣ በዚያው መንግሥት ዘመን፣ ያው ፔትሮናስ ከሼል ጋር ሌላ ፕሮጀክት ገባ። እ.ኤ.አ. በ2025 የመጀመሪያው መርከብ ጋዝ ጭኖ ወጣ።

ጤፍ ጎተራ ገብቶ ዋጋ እስኪወጣ ይጠብቃል። ጋዝ ግን በመርከብ እንዲሄድ ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ቀዝቅዞ ፈሳሽ መሆን አለበት። ይህን ለሚሠራው ፋብሪካ ባንክ የሚያበድረው ጋዙን የሚገዛ ደንበኛ አስቀድሞ ሲፈርም ነው፣ ብዙውን ጊዜ ለ20 ዓመት። በ20 ዓመት ስንቱ ይሾማል፣ ስንቱ ይሻራል! አዲስ ሹም ግብር ይጨምር፣ ፈቃድ ያዘግይ ይሆናል። ባይደን እ.ኤ.አ. በጥር 2024 አዲስ የኤክስፖርት ፈቃድ መስጠት አቆሙ፤ ትራምፕ በዓመቱ፣ ሥልጣን በያዙበት ቀን፣ እገዳውን አነሱ። ቀድሞ የተፈቀደለት ግን መጫኑን አላቆመም።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ስትቀጠሩ ሚኒስትሩ ማነው ብላችሁ አትጀምሩ። ገዢው ፈርሟል? ቧንቧው በማን አገር ያልፋል? የግብር ሕጉ ቢለወጥ ውሉ ምን ይላል? ውል ማንበብ ልመዱ፣ አሰልቺ ቢሆንም።

የእህቴ ልጅ ደብተሩን አሳየኝ አለ። አገላብጦ አገላብጦ ባዶው ገጽ ላይ ቆመ።

«ጋሼ፣ ይሄ ጋዝ ያኔ ገዢ ነበረው?»

እዚያ ስሠራ የአንድ ገዢ ስም እንኳ ሰምቼ አላውቅም።