በር ላይ ለሚሸና የጎረቤት ውሻ፦ እኔ ስምንት ወር የከፈልኩበት መልስ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጎረቤትሽ ጠዋትና ማታ ውሻውን ሊያናፍስ ሲወጣ በርሽ ላይ እንደሚያቆመው፣ ውሻው ግድግዳሽ ላይ እንደሚሸና፣ አንዳንዴም ሰገራ ተጥሎ እንደምታገኚ ጽፈሻል። ትንሽ ልጅ እንዳለችሽም ነግረሽናል። ለመናገር ፈርተሽ «በዚህች ነገር መናደዴ ራሱ ያሳፍረኛል» ብለሻል። ከስር «እንስሳ ነው፣ እለፊው» ያሉሽን አትስሚያቸው፤ በራቸው ላይ አልደረሰም። እኔ ላይ ደርሷል፣ ስምንት ወር ሙሉ። ስለዚህ አንቺ እንዳትደግሚው የሠራሁትን ስህተት ሁሉ ልንገርሽ።

መጀመሪያ ስለ ንዴቱ። ሽንቱን በአንድ ባልዲ ውሃ ታጥቢዋለሽ። የማይታጠበው መጠበቁ ነው። እኔ ጠዋት 12 ሰዓት ሳይሞላ፣ አላርም ሳይጮኽ እነቃ ነበር። የውሻው አንገት ላይ ያለችው ቃጭል ገና ከሦስተኛው ቤት ጀምሮ ትሰማኛለች። ቂል ቂል ስትል ሆዴ ጭምድድ ይላል። መጋረጃውን በጣቴ ገለጥ አድርጌ እቆማለሁ። ቃጭሏ በሬ ላይ ስትደርስ ጸጥ ትላለች፤ ያቺ ጸጥታ ናት የምታቃጥለኝ፣ ምን እየተደረገ እንደሆነ አውቃለሁና። ከዚያ ሥራ ገብቼም ስለ እርሱ ነው የማስበው። የምናገረውን በልቤ እያዘጋጀሁ ስልክ ሲደወል እንኳ አልሰማም ነበር። እና ጥፋተኛዋ አንቺ አይደለሽም። ሰው ደጁን ንጹህ ሆኖ ማየት ቢፈልግ ምን ነውር አለው?

ምክሬን በቁጥር ላስቀምጥልሽ።

1ኛ፦ በረኪና አትድፊበት። እኔ ያልተበረዘ በረኪና ነበር በሩ ስር ያፈሰስኩት፣ ሽታውን ያጠፋል ብዬ። ዓይኔ አለቀሰ፣ ጉሮሮዬ ተቃጠለ፣ እያሳለኝ ወደ ውስጥ ሸሸሁ። ሽንት ውስጥ ያለው ዩሪያ ሲቆይ ወደ አሞኒያ ይለወጣል፤ አሞኒያና በረኪና ሲገናኙ ክሎራሚን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ይህን ያወቅኩት ከተቃጠልኩ በኋላ ነው። አሞኒያ ያለበት የወለል ማጽጃም አይሆንሽም፤ ለውሻ አፍንጫ ሌላ ውሻ የሸናበት ይመስለዋል። ቀጥዬ አቸቶ ሞከርኩ። አቸቶ አሲድ ስለሆነ የአሞኒያውን ሽታ ያከሽፋል፤ በእኩል ውሃ በርዘሽ ሴራሚክ ላይ ብታደርጊው ደህና ነው። የእኔ ደረጃ ግን እብነ በረድ ነበር፣ አሲድ ደግሞ እብነ በረድን ይበላል። እስከ ዛሬ በሬ ላይ የደበዘዘ ክብ ምልክት አለ፤ እንግዳ ሁሉ «ይሄ ምንድነው?» ብሎ ይጠይቀኛል። በረኪናና አቸቶን ደግሞ በፍጹም እንዳታቀላቅይ፣ ክሎሪን ጋዝ ነው የሚወጣው። በመጨረሻ የሠራልኝ ለቤት እንስሳት ሽንት ተብሎ የሚሸጠው ኢንዛይም ያለበት ማጽጃ ነው። መጀመሪያ በብዙ ውሃ ታጥቢያለሽ፣ ከዚያ እሱን አርከፍክፈሽ በራሱ እስኪደርቅ ትተይዋለሽ። ቶሎ ከጠረግሽው ኢንዛይሙ ሥራውን ሳይጨርስ ይቀራል።

ሽታው ላይ ይህን ያህል የቆየሁት ያለምክንያት አይደለም። ውሻ የሚሸናው ፊኛው ስለሞላ ብቻ አይደለም። ምልክት ነው የሚያደርገው፤ አንዱ የሸናበት ላይ ሌላው እየመጣ ይጨምርበታል። በርሽ አንድ ጊዜ የሰፈር ውሾች ማስታወቂያ ሰሌዳ ከሆነ ጎረቤትሽ ነገ መንገድ ቢቀይር እንኳ ሌሎቹ አይተዉሽም። ናፍታሊን ጣይበት፣ የሚያቃጥል ዱቄት በትኚበት ያሉሽንም አትስሚ። ናፍታሊን ለውሻም ለሕፃንም መርዝ ነው፤ አንቺ ደግሞ በዚያው ደጅ የምትጫወት ልጅ አለችሽ።

2ኛ፦ ግሩፕ ላይ አትለጥፊ። እህቴ፣ ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይህቺን አትርሺ።

ሁለት ወር ዝም ካልኩ በኋላ አንድ ጠዋት በሬ ላይ ሰገራ አገኘሁ። ከደቂቃዎች በፊት ቃጭሏን ሰምቻለሁ። በመስኮት ሳይ የውሻው ባለቤት፣ ሽማግሌው ጎረቤቴ፣ ጀርባቸውን ሰጥተው እየሄዱ ነው፣ ውሻውም አጠገባቸው። ፎቶ አነሳኋቸው። ሰገራውንም አነሳሁት። ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጌ የሰፈራችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፍኩት፣ «ዕድሜ ሰውን ያስተምራል ይባል ነበር» የሚል ጽሑፍ ጨምሬ። ስም አልጠራሁም። ግን ያንን ጀርባ የማያውቅ ማን አለ?

በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ40 በላይ ኮሜንት ተጻፈበት። ገሚሱ ደገፈኝ፤ እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ አለኝ። ከዚያ ግን ነገሩ ከእጄ ወጣ። አንዱ የድሮ የአጥር ጠብ አነሳ፣ ሌላው ስለ ልጃቸው መኪና ማቆሚያ ተሳደበ። ልጃቸው አንድ ቃል ጻፈችና ከግሩፑ ወጣች፦ «አባቴን በአካል ብታናግሪው ምን ይልሽ ነበር?» መልስ አልነበረኝም። በማግስቱ ሽማግሌው እንደ ወትሮው አለፉ። አሁንም በሬ ላይ ቆሙ፣ ውሻውም ሸና። የተለወጠው ሰላምታው ብቻ ነው፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ መንገድ ላይ ስንገናኝ ዓይናቸውን መሬት ላይ ይተክላሉ። ይታይሽ፣ ጎረቤቴን አጣሁ፣ ሽንቱ ግን አልቀረም።

3ኛ፦ ቢሮ ከሄድሽ ባዶ እጅሽን አትሂጂ። እኔ በንዴቴ አቤቱታ ጽፌ፣ እነዚያኑ ሁለት ፎቶዎች አትሜ፣ ጉዳዩ ይመለከተዋል ወደተባለ ቢሮ ሄድኩ። ሰዓታት ከተሰለፍኩ በኋላ ጠረጴዛው ጋ ደረስኩ። ሰውየው ከስልኩ ቀና ሳይል «ነከሰሽ?» አለኝ። «አልነከሰኝም» አልኩት። «እንግዲያው ሲነክስሽ ነይ» አለኝ። ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ። እኔ ይህን ስጽፍልሽ አሁንም ፊቴ ይግላል። የሕዝብ አገልጋይ ተብሎ የተቀመጠ ሰው አንዲት ሴት ሰዓታት ቆማ ያመጣችውን ወረቀት አንብቦ እንኳ «አይመለከተንም» ቢል ምን ይጎድልበታል? በሁለተኛው ቀን ወደ ጽዳት ክፍል ላኩኝ፤ ጽዳት ክፍል ወደ እንስሳት ክፍል ላከኝ፤ የእንስሳት ክፍሉ ተዘግቶ ነበር። ሦስተኛ ቀን ነው በኮሪደሩ መጨረሻ ያለች አንዲት ሠራተኛ ወረቀቱን ተቀብላ ከዳር እስከ ዳር ያነበበችልኝ። «ያመጣሽው የሰው ጀርባና ሰገራ ነው» አለችኝ፣ ሳትቆጣ። «ሲጥል ያሳያል? ቀኑ አለ? ሰዓቱ አለ?» የለም። «እንግዲህ እሱን ይዘሽ ነይ» አለችኝ። በዚያ ቢሮ ያገኘሁት እርዳታ ይህ ብቻ ነው፤ እርሷን ግን እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ።

ካሜራ አስገጠምኩ፣ የራሴን በርና ከፊት ለፊቱ ያለውን ብቻ እንዲያሳይ አድርጌ። በልቤ አለቀላቸው ብያለሁ።

በ14 ቀን ውስጥ 6 ጊዜ ሰገራ ተጣለ። አምስቱን የጣሉት ባለቤት የሌላቸው ውሾች ናቸው፣ ሌሊት፣ ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ። አንዱ በእርግጥ የሽማግሌው ውሻ ነው፤ ያን ቀን ግን ይዞት የወጣው የልጅ ልጃቸው ነበር፣ ዓይኑ ስልኩ ላይ። ጋሼ ራሳቸው በያዙት ቀን ሁሉ ኪሳቸው ውስጥ ፌስታል አለ። አንድ ማታ ውሻው ከበሬ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ሲጸዳዳ እያቃሰቱ ጎንበስ ብለው አነሱት። ቪዲዮውን ደጋግሜ አየሁት። ሰፈር ፊት ያዋረድኳቸው ባልሠሩት ነገር ነው። ሽንቱ እውነት ነበር፣ ሰገራው ግን የእርሳቸው አልነበረም።

ቪዲዮውን ካየሁ በኋላ ወራት ፈጅቶብኛል ለመድፈር። ኩራት ያዘኝ፤ «ለማንኛውም ሽንቱ አለ» እያልኩ ራሴን አታለልኩ። በስምንተኛው ወር መጀመሪያ ግሩፑ ላይ ጻፍኩ፦ ፎቶው ስህተት እንደነበር፣ ካሜራው ምን እንዳሳየኝ፣ ይቅርታ እንደምጠይቅ። ያዋረድኳቸው በአደባባይ ስለሆነ ይቅርታውም እዚያው መሆን ነበረበት። ከዚያ ከሰዓት በኋላ፣ ውሻው ሳይወጣ፣ በራቸውን አንኳኳሁ። ሰዓቱን አስቢበት፤ ውሻውን ይዞ ያለ ሰው ገመድ እየተጎተተ፣ ሰው እያየው፣ ረጋ ብሎ ሊሰማሽ አይችልም።

«ጋሼ፣ በሰገራው ያለጥፋትዎ ነው የወቀስኩዎት፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። «ሽንቱ ግን ያስቸግረኛል። በሬን እስኪያልፉ ገመዱን አሳጥረው ቢይዙልኝ?»

ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ልጄ፣ አንድ ጊዜ ብታንኳኪ ኖሮ» አሉኝ፣ አልጨረሱትም። ቆየት ብለው ጉልበታቸውን አሳዩኝ። አብጧል። «እስከ አንቺ በር ነው የሚያደርሰኝ። የአጥርሽ መሠረት ወጣ ብላለች፤ እሷ ላይ አረፍ እላለሁ።» ስምንት ወር ሙሉ በመጋረጃ ሳያቸው መቀመጣቸውን አላየሁም። ከመስኮቴ የሚታየው የውሻው ጭንቅላትና ገመዱ ነው። ያቺ ቃጭሏ ጸጥ የምትልባት ደቂቃ የእርሳቸው ማረፊያ ነበረች፤ ውሻውም ሲጠብቃቸው የሚሠራው ሲያጣ ይሸናል።

መፍትሔው በሦስት ሰው ጉልበት አለቀ። ከግንባታ የተረፈ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበረኝ። ከሁለት የሰፈር ልጆች ጋር ተሸክመን ከበሬ ሃያ እርምጃ ያህል ቀደም ብሎ፣ ማንም ደጅ ባልሆነ ቦታ፣ ዛፍ ስር አስቀመጥነው። በዚያው ሳምንት በሬን አምስት ቀን ተከታትዬ በኢንዛይሙ አጠብኩ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ውሻው በሬ ጋ ሲደርስ አፍንጫውን አዙሮ ይጎትታል፤ እርሳቸው ገመዱን አሳጥረው ያሳልፉታል። በሦስት ሳምንት ውስጥ በሬን ማሽተት ራሱ ተወ። አሁን ድንጋዩ ላይ ሌሎች ሽማግሎችም ያርፉበታል። በዚህ ሥራዬ እኮራለሁ፣ አልደብቅሽም። ልጃቸው ግን እስከ ዛሬ ሰላም አትለኝም። ይቅርታዬን አንብባለች፣ አውቃለሁ፤ አባቷን ግን ያን ጠዋት ያየቻቸው እርሷ ናት።

ስለዚህ ስትሄጂ አንድ ነገር ብቻ ጠይቂ፣ ሊደረግ የሚችል ነገር። «ውሻህን እዚህ አታምጣ» አትበይው፤ መንገዱ የሁሉም ስለሆነ እዚያ ላይ ክርክር ይነሳል፣ አንቺም ትሸነፊያለሽ። «በሬን እስክታልፍ ገመዱን አሳጥርልኝ» ግን እምቢ ለማለት ይከብዳል። ደግሞ ለምን እዚያ እንደሚቆም ጠይቂው። ሳታዪ ሰገራውን በእርሱ ላይ አታላክኪ። እምቢ ካለሽ፣ ከተሳደበሽም፣ ያኔ ቀንና ሰዓት ያለው ምስል ይዘሽ በጽሑፍ አመልክቺ፤ በእጅሽ በሚቀረው ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥር ሳያስጽፉልሽ ከቢሮው አትውጪ። እኔ ሳላስጽፍ ወጥቼ የመጀመሪያው አቤቱታዬ «አልደረሰንም» ተብሏል።

ስለ ልጅሽ ደግሞ። ሰገራውን በተጣለበት ቀን ጓንት አድርገሽ አንሺው፣ አታሳድሪው። በውሻ ሰገራ ውስጥ የሚወጣ የአንድ ዓይነት ወስፋት እንቁላል ትኩስ ሳለ ሰው አይዝም፤ ሳምንታት አፈር ላይ ከቆየ በኋላ ነው አደገኛ የሚሆነው፣ ከዚያ ደግሞ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። አፈር ነክታ ስትገባ እጇን በሳሙና አስታጥቢያት። ውሻ ወደ እርሷ ቢመጣ እንዳትሮጥ፣ እጆቿን ወደ ታች አድርጋ ቀጥ ብላ እንድትቆም፣ ዓይን ዓይኑን እንዳታየው አለማምጃት። ከነከሳት ወይም ከቧጨራት፣ ባለቤቱ «ተከትቧል» ቢልሽም እንኳ፣ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ አጥበሽ ወዲያው ጤና ተቋም ውሰጃት። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ ቀድሞ የተሰጠ ክትባት ግን ያድናል።

ዛሬ ማታ ሲያልፍ በመስኮት አትጠብቂው። ነገ ከሰዓት ውሻው በሌለበት አንኳኪ። የሆነውን እዚሁ ጻፊልኝ፤ እምቢ ካለሽ የማመልከቻውን ደብዳቤ አብሬሽ እጽፋለሁ፣ የእኔ ቅጂ አለኝ።