ሥራቸውን በዝምታ የሠሩ እናት እንዴት ይከበሩ? ለሰፈራችን ወጣቶች የቀረበ ምክር

ውድ ልጆቼ፣

በመጪው የእድራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ እናንተ «እማማ»፣ እኔ ደግሞ «እትዬ» ለምንላቸው እናት የምስጋና መርሐ ግብር ልታዘጋጁ መነሳታችሁን፣ ካባ እንደምታለብሷቸው፣ የሕይወት ታሪካቸው እንደሚነበብና በእጃቸው ያለፉ ሕሙማን ቆመው እንዲመሰክሩላቸው ማሰባችሁን ከኮሚቴያችሁ ሰምቻለሁ፤ ታሪኩንም እንድጽፍ ጠይቃችሁኛል። በእውነት ደስ ብሎኛል። በአገራችን ብዙ ምስጋና የሚነገረው ከቀብር መልስ በድንኳን ውስጥ ስለሆነ፣ ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ላመሰግን የሚል ወጣት ማየት ያስደስታል። ይሁን እንጂ ዕድሜዬን በጤና ሙያ ያሳለፍሁ ሰው እንደ መሆኔ የእርሳቸውን ሥራ ጠባይ ከቅርብ አውቀዋለሁና ካባውን ከመግዛታችሁ በፊት ልታውቁት የሚገባ ነገር አለ። ስማቸውንም ሆነ የሰፈራችንን ስም እዚህ ላይ ያልጠቀስሁት ስለዚሁ ነገር ነው።

እኔ የሠለጠንሁት በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ በተከፈተውና ዛሬ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በሆነው ተቋም ነው። ኮሌጁ ከመጀመሪያው ጀምሮ የጤና መኮንኑን፣ የኅብረተሰብ ነርሷንና ሳኒቴሪያኑን፣ ማለትም የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያውን፣ በአንድ ቡድን አድርጎ፣ እንደ ቆላ ድባና ዳባት ባሉ ጤና ጣቢያዎች እያሠራ የሚያስተምር ነበር። በሥራ ዓለም ስገባ የተረዳሁት ግን ያ ቡድን ያለ አራተኛ ሰው እንደማይሠራ ነው። አራተኛው ሰው ደመወዝ የለውም፣ በመዝገብ ላይም አይገኝም፤ ሕመምተኛው ከጤና ጣቢያው በር ከወጣ በኋላ ቤቱ ድረስ የሚሄድለት ጎረቤት ነው። በእኛ ሰፈር ያ ሰው እትዬ ነበሩ፤ ዛሬም ናቸው።

የሥራቸው ዋናው የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማንን መድኃኒት ማስጨረስ ነው። ይህን ሥራ የማያውቅ ሰው ቀላል ሊመስለው ይችላል። ድሮ ሕክምናው አንድ ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጅ ነበር፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት በየቀኑ የስትሬፕቶማይሲን መርፌ መወጋት ግድ ነበር። ኋላ ወደ 8 ወር ወረደ፤ ዛሬ መድኃኒቱን ላልተለማመደው በሽታ 6 ወር ሲሆን፣ 2 ወር አራት ዓይነት፣ ቀሪውን 4 ወር ደግሞ ሁለት ዓይነት መድኃኒት ይወሰዳል። አስቸጋሪው ነገር ሕመምተኛው ገና በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሳሉ የሚቀንስለት፣ የሌሊት ላቡ የሚተወውና የምግብ ፍላጎቱ የሚመለስ መሆኑ ነው። ያን ጊዜ «ድኛለሁ» ብሎ ወደ እርሻው ወይም ወደ ቀን ሥራው ይመለሳል። በሳንባው ውስጥ የቀሩት ተሕዋስያን ግን መድኃኒቱን ተለማምደው እንደገና ሊነሱ ይችላሉ፤ ለዚያ ዓይነቱ የሚሰጠው ሕክምና የበለጠ ከባድ ነው፣ ሕመምተኛውም ቤተሰቡን ያንኑ የተለማመደ በሽታ ሊያስይዝ ይችላል። ስለዚህ አንድ ሰው መድኃኒቱን እስከ መጨረሻው ቀን እንዲውጥ ማድረግ ከመጀመሪያው ምርመራ ያላነሰ ሕክምና ነው።

እትዬ ይህን ሥራ እንዴት እንደሚሠሩት ልንገራችሁ፤ በመድረክ ላይ የሚነበበው ታሪክ ይህን አይነግራችሁምና። ከደምቢያ፣ ከወገራ ወይም ከአርማጭሆ መጥቶ በዘመድ ቤት ወይም በአንዲት የኪራይ ክፍል የተኛ ሕመምተኛ ዘንድ ጠዋት ሲሄዱ በነጠላቸው ጫፍ ቆሎ ቋጥረው፣ «ቡና አፈላችሁ?» እያሉ ነው የሚገቡት። ጎረቤት የሚያየው ቡና ልትጠጣ የመጣች አሮጊት ነው። አቦሉ ሳይቀዳ ሕመምተኛው ክኒኑን በፊታቸው በውኃ ይውጣል፤ ከዚያ ቶናው እስኪደርስ ስለ ዝናቡና ስለ ጤፉ ዋጋ ይጫወታሉ። «ጭሱ ዓይኔን አቃጠለኝ» ብለው መስኮቱን ያስከፍታሉ፤ ራሳቸውም ሁልጊዜ ከበሩ አጠገብ ይቀመጣሉ። ጭሱ ሰበብ ነው፤ የሚፈልጉት ነፋሱን ነው፤ በሽታው በተዘጋና በታፈነ ቤት ውስጥ በትንፋሽ እንደሚተላለፍ ጠንቅቀው ያውቃሉና።

ሪፋምፒሲን የሚባለው መድኃኒት ሽንትን፣ ላብን፣ እንባን ሳይቀር ብርቱካንማ ቀይ ያደርጋል። ጉዳት የለውም፤ ነገር ግን አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው «ደም ሸናሁ» ብሎ ይደነግጥና መድኃኒቱን ወርውሮ ወደ ጠበል ወይም ወደ አገሩ ይሄዳል። እትዬ በመጀመሪያው ቀን፣ «ነገ ሽንትህ እንደ ሚሪንዳ ሆኖ ብታየው እንዳትደነግጥ፤ መድኃኒቱ ሰውነትህ ውስጥ መግባቱ ነው፤ እንዲያውም ካልቀላ ንገረኝ» ይሉታል። ይህ አነጋገር አንድም ሁለትም ሥራ ይሠራል፤ ድንጋጤውን ያስቀራል፣ መድኃኒቱን ያልዋጠውንም ያጋልጣል። እኔ ከዚያ በኋላ ለተማሪ ነርሶች ይህን ጉዳይ ሳስተምር የእርሳቸውን ቃል እንዳለ ወስጄ ነው።

የአብነት ተማሪዎችንም ሳልጠቅስ አላልፍም። ጎንደር የአቋቋምና የሌላውም ያሬዳዊ ዜማ ትምህርት ማዕከል ስለሆነች ከየአገሩ የሚመጡ ልጆች በጠባብ ጎጆ ተፋፍገው ያድራሉ፤ ከእነርሱ አንዱ ሲያስል የሚሰማው እናት የለውም። እትዬ ቁራሽ ሲሰጡ ሳሉን ያዳምጣሉ። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ከሆነ እጁን ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ያመጡታል።

እንግዲህ ሰዎች «እማማ ዝምተኛ ናቸው፣ ይታወቅልኝ አይሉም» ሲሉ ትሰማላችሁ። ቀኝ እጅህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ የሚለውን ቃል እንደሚጠብቁ እኔም አልጠራጠርም። ነገር ግን ዝምታቸው ትሕትና ብቻ አይደለም፤ የሥራው ዋና መሣሪያ ነው። እርሳቸው «የነቀርሳ ሕሙማን ጠያቂ» ተብለው ቢታወቁ ኖሮ የሚገቡበት ቤት ሁሉ በዚያው ቀን በታወቀ ነበር። በ1990ዎቹ፣ እርሳቸው የኤች አይ ቪ ሕሙማንንም ይጠይቁ በነበረበት ጊዜ፣ ይህ ነገር ምን ያህል ከባድ እንደ ነበር እናንተ አልደረሳችሁበትም። ጸረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ለብዙው ሰው የነበረው ዕድል ቤት ውስጥ መታመም ነበር። አከራይ ተከራዩን ያስወጣ፣ ቤተሰብ የታማሚውን ሳህን ይለይ፣ ልጅም በትምህርት ቤት ብቻውን ይቀመጥ በነበረበት በዚያ ዘመን እርሳቸው ያጥቡ፣ ያጎርሱ፣ የሞተውንም ይገንዙ ነበር። የሟቹን ሕመም ግን ለእድሩ ዳኛ እንኳ አልተናገሩም። ሰው በር የከፈተላቸው በሌላው ቤት ያዩትን እንደማያወጡ ስላወቀ ነው።

ስለዚህ ያሰናዳችሁትን መርሐ ግብር ከዚህ አንጻር ደግማችሁ ተመልከቱት ብዬ እለምናችኋለሁ። የዳኑ ሕሙማንን ወደ መድረክ መጋበዙ ይቅር። ራሱ ፈልጎ የሚመጣ ቢኖር እንኳ ከእርሱ ጋር በአንድ ቤት የነበሩት፣ ሚስቱና ልጆቹ፣ ሳይጠየቁ አብረው ይገለጣሉ። ቀኑንም መጋቢት 15፣ የዓለም የሳንባ ነቀርሳ ቀን ሲከበር እናድርገው ያለ ልጅ እንዳለ ሰምቻለሁ፤ ቀኑ ሮበርት ኮክ በ1882 እ.ኤ.አ. የበሽታውን ተሕዋስ ማግኘቱን ያስታወቀበት በመሆኑ ለትምህርት እጅግ ተስማሚ ነው፤ ለዚህ ምስጋና ግን አይሆንም። እርሳቸውን ከዚያ ቀን ጋር ካያያዛችኋቸው ከዚያ ወዲያ ቆሎ ቋጥረው የሚገቡበት ቤት የለም፤ አሁንም በእጃቸው ያሉ ሕሙማን አሉ። በስልካችሁ የምታነሱት ፎቶግራፍ ከእድሩ አዳራሽ አይውጣ፤ በየቤቱ እየተከተሉ መቅረጽ ጭራሽ አይታሰብ።

አንዳንዶቻችሁ ክብርት ዶክተር አበበች ጎበናን እንደ ምሳሌ አንስታችሁልኛል። ምሳሌው ትልቅ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ ግሸን ማርያም ለንግሥ ሄደው በረሃብ ወላጆቻቸውን ያጡ ሁለት ሕፃናት ይዘው የተመለሱት እኚያ እናት፣ በ2013 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ እጅግ ብዙ ልጆችን አሳድገዋል፤ ስማቸው መታወቁም ለልጆቹ እንጀራ ሆኗል፤ ሰው ሥራውን ባያውቀው ኖሮ ርዳታው ከየት ይመጣ ነበር? በዚህ ምክንያት ሰውን ስታከብሩ መጀመሪያ መጠየቅ ያለባችሁ መታወቁ ሥራውን ይረዳዋል ወይስ ይጎዳዋል ብላችሁ ነው። መልሱ ከሰው ሰው፣ ከሥራ ሥራ ይለያያል፤ ለእትዬ ሥራ ግን መታወቅ ይጎዳል።

ታዲያ ምን እናድርግ ትሉኝ ይሆናል። በክረምት የአረጋውያንን ቤት ስታድሱ፣ ችግኝ ስትተክሉ፣ ደም ስትለግሱ አይቻችኋለሁ፤ ጉልበታችሁንም ቅንነታችሁንም አልጠራጠርም። ይህ ሥራ የሚለየው 6 ወር ሙሉ በየማለዳው የሚሠራና ፎቶግራፍ የሌለው በመሆኑ ነው። ከመካከላችሁ ሁለት ሰዎች ምረጡ፤ ቢቻል አንዲት ሴትና አንድ ወንድ፣ ወሬ የማያመላልሱ፣ ጎንደርን ለቀው ለሥራ ወይም ለትምህርት በቅርቡ የማይሄዱ ይሁኑ። አስቀድመው ከጤና ጣቢያው ጋር ይተዋወቁ፣ እነርሱም ይመርመሩ። ከዚያ የእትዬን ዘንቢል ተሸክመው የሚከተሉ የልጅ ልጆች ሆነው ይሂዱ፤ ቤቱን የሚያስለምዷቸው እርሳቸው ናቸው። መድኃኒቱን የወሰደ ሰው ከጥቂት ሳምንት በኋላ የማስተላለፍ ኃይሉ በጣም እንደሚቀንስ፣ እስከዚያው ግን በር አጠገብ መቀመጥና መስኮት ማስከፈት እንደሚገባ ከእርሳቸው ያያሉ። ጉልበታቸው እየደከመ ነው፤ ዳገቱን ሲወጡ ሁለት ሦስት ጊዜ ያርፋሉ። የእኔ ትልቁ ሥጋት እርሳቸው ሲያቆሙ የሚያውቁት ሁሉ አብሮ እንዳይቆም ነው።

ለካባው የሰበሰባችሁትን ገንዘብ በተመለከተ፣ እርሳቸውን ጠይቁ እንጂ እናንተ አትወስኑ። እኔ የማውቀው ከኪሳቸው የሚያወጡት ለዘይት፣ ለሽሮ፣ ከገጠር ለሚመጣው ሰው መሳፈሪያ እንደሆነ ነው። እድራችን ለቀብር ድንኳንና ወንበር፣ ለለቅሶ ቤትም እህል ያቀርባል፤ በሕይወት ላለ በሽተኛ ስንቅ የሚሆን አንድ ትንሽ መስመር በሂሳብ መዝገቡ ላይ እንዲከፈት በጉባኤው ላይ ብትጠይቁ እኔ እደግፋለሁ፤ የእድሩ ዳኛም እምቢ የሚሉ አይመስለኝም። ደረሰኙ «ለታመመ አባል ርዳታ» ይበል፣ ስም አይጻፍበት። ገንዘቡ ተርፎ ካባም የሚገዛ ከሆነ ደስ ይለኛል፤ ጋቢ ግን ይሻላቸው ነበር፤ የጎንደር የማለዳ ብርድ እንደምታውቁት ነው።

ታሪካቸውን እጽፋለሁ። የትውልድ አካባቢያቸውን፣ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል መቁጠራቸውን፣ በእድሩ ወጥ ቤት ያገለገሉበትን ዘመን፣ ያሳደጓቸውን ልጆች እዘረዝራለሁ። ስለ ሕሙማኑ «የታመመ ይጠይቃሉ» ከምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር በቀር አልጨምርም። ረቂቁን መጀመሪያ ራሳቸው መነጽራቸውን አድርገው ያነቡታል፤ ይቅር ያሉትን አስቀራለሁ፣ ከዚያም ለኮሚቴው አደርሳለሁ። የመረጣችኋቸውን የሁለቱን ልጆች ስም ግን ከጉባኤው አስቀድማችሁ በእጄ አድርሱልኝ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤቴ ቢመጡ ስለ መድኃኒቱና ስለ አወሳሰዱ የማውቀውን አስረዳቸዋለሁ።