ድመቴ አንገቷን ዘርግታ ታስላለች፦ ስለ ድመት አስም ጥያቄና መልስ

ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅና ከወልዲያ ድመት የምታሳድጉ ሰዎች ስለ ሳልና ትንፋሽ ብዙ ጠይቃችሁኛል። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ዶክተር፣ ድመቴ ቁጢጥ ብላ አንገቷን ወደ ፊት ዘርግታ ታስላለች። ግን ምንም አይወጣትም። አጥንት ተሰንቅሮባት ይሆን?

መልስ፦ አብሽሪ፣ እህቴ። አጥንት ቢሆን አፏን በመዳፏ ትታገል፣ ምራቋም ይዝረበረብ ነበር። የላሰችው ጸጉር ቢሆን ደግሞ ሆዷ ይገፋና መጨረሻ ላይ ታስመልሰዋለች። ደረቷን ወደ መሬት ዝቅ፣ አንገቷን ዘርጋ አድርጋ ደጋግማ የምትስል፣ ከዚያም ዋጥ አድርጋ ምንም እንዳልሆነች የምትሄድ ድመት አስም ሊኖርባት ይችላል። በአስም ጊዜ የሳንባዋ ቱቦዎች ያብጣሉ፣ አክታ ይሞላቸዋል፣ ይጠባሉ። አየሩ ከመግባቱ ይልቅ መውጣቱ ይከብዳታል። ሲር ሲር የሚል ድምፅ የምትሰሚውም ለዚህ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ2 እስከ 8 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ሳሉን በስልክሽ ቅረጪው። ሐኪም ፊት ስትደርስ ላታስል ትችላለች፤ ቪዲዮው ግን ብዙ ይናገራል።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ አጣዳፊ መሆኑን በምን ልወቅ?

መልስ፦ ስትተኛ ትንፋሿን ቁጠር። ደረቷ ከፍ ብሎ ዝቅ ሲል አንድ ነው። ለ30 ሰከንድ ቆጥረህ በ2 አባዛው። ጤነኛ ድመት ተኝታ በደቂቃ ከ30 በታች ትተነፍሳለች። በተደጋጋሚ ከ30 ካለፈ ለሐኪም አሳያት፤ ከ40 ካለፈ በዚያው ቀን ውሰዳት።

አፏን ከፍታ የምትተነፍስ ከሆነ፣ ድዷ ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ አመድማ ከተለወጠ፣ ሆዷ እንደ ወናፍ ከሆነ ግን ቁጥር አያስፈልግም፤ ወዲያውኑ ሂድ። ውኃም ወተትም ቅቤም በአፏ አትጋታት፤ ወደ ሳንባዋ ይገባል። በማዳበሪያ ከረጢት አስረህ አትውሰዳት፣ እባክህ። አየር የሚያስገባ ካርቶን ይሻላል።

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ ልጄ፣ ቤቴ ቡና አይቋረጥም። እጣንም አድሩስም አጨሳለሁ። ድመቴን ይጎዳታል?

መልስ፦ አዎ እናቴ፣ ይጎዳታል። ከሁሉም በላይ ልነግራችሁ የምፈልገው ይህንን ነው። መድኃኒቱ ቢገኝም ባይገኝም ጭሱን መቀነስ በእጃችሁ ነው። ወሎ ላይ ቡና ያለ ጭስ ምን ይባላል፤ ተዉት አልልዎትም። እጣኑ ከመጨሱ በፊት ድመቷን ሌላ ክፍል አድርገው በሩን ይዝጉ። ጭሱ ወጥቶ እስኪያልቅ አያስገቧት። ከሰሉ ውጭ ተቀጣጥሎ ፍም ከሆነ በኋላ ይግባ። በርበሬ ሲታመስም እንደዚያው።

የደሴ ብርድ ድመቶችን ምድጃ ዳር ያስተኛቸዋል፤ የሚያስል ድመት ግን ቦታው እዚያ አይደለም። ጆንያ አንጥፉላትና ከጭስ የራቀ ጥግ ትተኛ። ቤት ውስጥ ለመጸዳጃ አመድ የምታደርጉላት ካላችሁ፣ አቧራው አፍንጫዋ ሥር ነው የሚቦነው። የታጠበ አሸዋ ይሻላል። ሲጋራ፣ ሽቶና የሚነፋ የነፍሳት መግደያም ሳሉን ያስነሱባታል። በአጨዳና በውቂያ ወቅት የገለባው ብናኝ ይበዛል፤ ኅዳር 12 ቆሻሻ ሲቃጠል ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ ይጨሳል። በዚያን ቀን ቤት ውስጥ ትዋል።

ጥያቄ (ከወልዲያ)፦ የኔዋ አይጥ አዳኝ ናት። ጎረቤቴ ሳሉ ከትል ነው ይለኛል።

መልስ፦ ጎረቤትህ ሊሳሳት ቢችልም ሐሳቡ መሠረት አለው። የድመት ሳንባ ትል አለ። የትሉ እጭ ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድጋል፤ ቀንድ አውጣ የበላች አይጥ፣ ወፍ ወይም እንሽላሊት ድመቷ ስትበላ ወደ እሷ ይገባል። ሳሉ ከአስም አይለይም። የተለመደው የዓይነ ምድር ምርመራም ሊስተው ይችላል፤ እጮቹን የሚፈልግ የተለየ አሠራር አለው። ስለዚህ ስቴሮይድ (እብጠት የሚቀንሰው የአስም መድኃኒት) ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ስለ ሳንባ ትል ጠይቀው። ደሴ ላይ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት፣ ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ አለ። ራጅ ከተገኘም ሳንባዋን ማየት ይረዳል።

ጥያቄ፦ መድኃኒቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ ዋናው ፕሬድኒሶሎን የሚባል የስቴሮይድ ክኒን ነው፤ የቱቦውን እብጠት ይቀንሳል። መጠኑን ሐኪም በክብደቷ ይወስናል። ሳሉ ስለቆመ ብቻ በአንድ ጊዜ አይቋረጥም፤ ቀስ እየተባለ ነው የሚቀነሰው። ለሳምንታት የሚቆየው የስቴሮይድ መርፌ ቀላል ቢመስልም ስኳር በሽታ ሊያመጣባት ስለሚችል የመጨረሻ አማራጭ ነው።

ፍሉቲካሶን የሚባለው የሚነፋ ስቴሮይድ ለዘለቄታው የተሻለ ነው፤ ግን ሙሉ ለሙሉ እስኪሠራ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይፈልጋል። ሳልቡታሞል፣ ማለትም ቬንቶሊን፣ ለድንገተኛ ጊዜ ብቻ ነው፤ ቱቦውን ይከፍታል እንጂ እብጠቱን አያክምም። ሁለቱም የሚሰጡት የሕፃን ጭምብል ባለው ስፔሰር፣ ማለትም የተነፋውን መድኃኒት በሚይዝ ቱቦ ነው። ነፋ አድርገህ ፊቷ ላይ ይዘህ ከ7 እስከ 10 ጊዜ እስክትተነፍስ ትጠብቃለህ። መጀመሪያ ባዶውን ጭምብል እያስነካሃት ሥጋ ስጣት፣ ትለምደዋለች።

ጥያቄ፦ ፓራሲታሞል ልስጣት?

መልስ፦ በፍጹም! ግማሽ ክኒን ሊገድላት ይችላል።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ እናቴ አስሙ ለልጆቹ ይጋባል፣ አስወጧት ትላለች።

መልስ፦ የድመቷ አስም ወደ ሰው አይተላለፍም። ልጁ ራሱ አስም ካለበትና ድመት ሲቀርበው የሚብስበት ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በድመት ምራቅና ቆዳ ላይ ያለ ፕሮቲን አለርጂ ያስነሳል። ልጁን ሐኪም ያየው።

ጥያቄ፦ ፈጽሞ ይድናል?

መልስ፦ አይድንም፤ ግን በደንብ ከተያዘ ለዓመታት አብራችሁ ትኖራለች። ውፍረትም ትንፋሽ ስለሚያከብድባት ምግቧን መጥኑ።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ክኒኑን ትተፋብኛለች።

መልስ፦ መራራ ነው። በትንሽ ጉበት ውስጥ ደብቂው፤ መጀመሪያ ግን ባዶ ጉበት አንድ ሁለት ጊዜ ስጫት፣ ከዚያ ክኒን ያለበትን፣ ከዚያ እንደገና ባዶውን።