ጥያቄና መልስ፦ ያረፉትን በስማቸው ማስታወስ

ከጎጃም የደረሱን አራት ደብዳቤዎች የሚጠይቁት ስለ አንድ ጉዳይ ነው፤ በሞት የተለዩ የዩኒቨርሲቲ ምሩቃንን፣ ሠራተኞችንና ደጋፊዎችን እንዴት እናስባቸው? አንደኛው ጥያቄ የሌሎቹ መሠረት ስለሆነ ሰፊውን ቦታ ለእሱ ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር ፖሊ በ1960ዎቹ የተማርን ጓደኛሞች ነን። ያረፉ የባቻችንን ልጆች፣ መምህራንና ሠራተኞች ስም በአንድ መዝገብ ማኖር እንፈልጋለን። ከምን እንጀምር? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ዝርዝሩን አስቀድሙ፤ ድንጋዩም ድግሱም ይቆይ። ብዙ ኮሚቴ መዋጮና ሐውልት ላይ ይቸኩልና የተሳሳተ ስም ያስቀርጻል። የልጇን ስም ተሳስቶ ያየች እናት የሚሰማትን ኀዘን ይቅርታ አይሽረውም።

መጀመሪያ ማን እንደሚካተት ወስናችሁ በአንድ ገጽ ጻፉት። «ምሩቅ» ብቻ ካላችሁ በ1967 ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ወጥተው ያልተመለሱት፣ በእስርና በሕመም ያቋረጡት ሁሉ ይቀራሉ። «በተቋሙ የተማረ» ማለት ይሻላል። ከሠራተኞችም መምህራንን ብቻ አትቁጠሩ። የካፌዋን ወጥ ሠሪ፣ የበሩን ጥበቃ፣ የወርክሾፑን ቴክኒሻን ተማሪው ከዲኑ በላይ ያስታውሳቸዋል፤ ስማቸው የሚገኘው ግን በድሮ የደመወዝ መዝገብ ላይ ብቻ ስለሆነ መዝገቡ ሳይወገድ የሰው ኃይል ክፍሉን ጠይቁ።

የተቋሙን ስም በዘመኑ አጠራር ጻፉ። ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩቱ በ1955 በሶቪየት ኅብረት ትብብር ተቋቋመ፤ ዛሬም ፔዳ የምንለው የመምህራን ኮሌጅ በ1960ዎቹ አጋማሽ ተከተለ፤ ሁለቱ ተዋህደው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሆኑት በ1992 ነው። ስለዚህ በ1960ዎቹ ከፖሊ የወጣ ሰው የፖሊ ቴክኒክ ምሩቅ እንጂ የዩኒቨርሲቲው ምሩቅ ተብሎ አይጻፍም።

ስሞቹን ከሬጅስትራር፣ ከምረቃ መጽሔትና ከቡድን ፎቶ ጀርባ ሰብስቡ። የሬጅስትራር መዝገብ በላቲን ፊደል ከሆነ የአንድ ሰው ስም በሦስት ዓይነት ተጽፎ ሊገኝ ይችላል፤ «ፀሐይ»ን ስትፈልጉ ሁሉንም አጻጻፍ ሞክሩ። በአማርኛም ቢሆን «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» በኤክሴል ውስጥ ተራርቀው ስለሚሰለፉ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ይመዘገባል። መፍትሔው ሁለት ዓምድ ማዘጋጀት ነው። በአንዱ ቤተሰቡ የሚጽፈው አጻጻፍ ይቀመጣል፤ የሚታተመውም የሚቀረጸውም እሱ ነው። ሁለተኛው ስሞቹን በፊደል ተራ ለመደርደር ብቻ ነው፤ በእሱ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይመለሳሉ። «ገ/መድኅን» ብላችሁ አታሳጥሩ፤ «ገብረ መድኅን» ይባል። የአያት ስም የግድ ነው፤ ሁለት አበበ ከበደ ባሉበት ባች በሕይወት ያለውን ሞተ ብሎ መጻፍ ቀላል ነው።

ለእያንዳንዱ ስም ሁለት ምስክር ያዙ፤ አንዱ ከቤተሰብ ወይም ከእድር፣ ሌላው ከባቹ። «ሰምቻለሁ» ማስረጃ አይሆንም። በቴሌግራም ግሩፕ አሥር ሰው የጻፈው «ነፍስ ይማር» ምንጩ አንድ ሰው ሊሆን ይችላል። የእድር ደብተር ግን ቀብርና ክፍያ የሚመዘገብበት ስለሆነ እጅግ ይጠቅማል።

በውጭ አገር ያረፉትን ቀን ስትመልሱ ተጠንቀቁ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 የዓመቱ ልዩነት 7 ነው፤ ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ 8 ይሆናል። ታኅሣሥ 20 ቀን 1985 በአውሮፓውያን 1992 ላይ ሲውል ታኅሣሥ 25 ግን 1993 ውስጥ ገብቷል። ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት ድንበሩ በአንድ ቀን ይቀድማል።

በቀይ ሽብር ዘመን የጠፉትን በሚመለከት፣ ቤተሰቡ ቀኑን ካላወቀ ቀን አትፍጠሩ። «ከ1970 ወዲህ ያልተገኘ» ብሎ መጻፍ እውነት ነው፤ «አረፈ» ማለት ግን አስከሬን ላላገኘ ቤተሰብ ከባድ ቃል ነው፤ ጠይቃችሁ ጻፉ። የሞት ምክንያት የማንም ቢሆን በመዝገቡ አይግባ።

ጥያቄ፦ ዓመታዊ የመታሰቢያ ቀን መቼና እንዴት ይሁን? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ተዝካሩን ለቤተሰብ ተዉት። አርባውንና ሰማንያውን፣ ሙት ዓመቱን፣ ሶደቃውን እያንዳንዱ ቤት እንደ እምነቱ ያደርገዋል፤ የእናንተ ፕሮግራም ስም የሚነበብበትና የኅሊና ጸሎት የሚደረግበት ይሁን። ጧፍ ማብራትን ግዴታ አታድርጉት።

የጥቅምት መጨረሻ ቅዳሜ ይመቻል፤ ክረምቱ ወጥቷል፣ መንገዱ ደርቋል። ጥር ሠርግ ይበዛበታል። በሁዳዴ ከሆነ ምግቡ የጾም ይሁን፤ ረመዳን በየዓመቱ በ11 ቀን ገደማ ስለሚቀድም ቀኑን ከመወሰናችሁ በፊት አረጋግጡ። አንድ ሙሉ ስም በእርጋታ ለማንበብ 5 ሰከንድ ይበቃል፤ 150 ስም 12 ደቂቃ ተኩል ነው። ንግግር ስለሚበዛ ስሞቹ ወደ መጨረሻው እየተገፉ በችኮላ ይነበባሉ። መጀመሪያ ይነበቡ።

የእናንተ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ መቀበል የጀመረው በ1999 ስለሆነ፣ ያረፉት ምሩቃን ገና በወጣትነታቸው የተቀጠፉ ናቸው፤ የአብዛኞቹ ወላጆች በሕይወት አሉ። የፊት ወንበር ለእነሱ ይያዝ፤ የልጃቸው ስም ሊነበብ መሆኑንም በስልክ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ጥያቄ፦ በእብነ በረድ ላይ ስም ስናስቀርጽ ምን እንጠንቀቅ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አንድ ትልቅ ድንጋይ አታሠሩ፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚጨመር ስም ቦታ ያጣል። 30 በ40 ሳንቲሜትር የሆኑ ጠፍጣፋ ድንጋዮችን በየዓመቱ መጨመር ይሻላል። የፊደሉ ቁመት ከ2.5 ሳንቲሜትር፣ የቅርጹ ጥልቀት ከ2 ሚሊሜትር አይነስ። በግዕዝ ፊደል ቀ እና ቁ፣ ነ እና ኑ የሚለዩት በትንሽ ቅጥያ ነው፤ ቅርጹ ጥልቀት ካጣ ቅጥያው ከቀለሙ ጋር ይጠፋና ስሙ ሌላ ይሆናል። ቀራጩ ከመጀመሩ በፊት ንድፉን በወረቀት አሳትማችሁ ቤተሰቡ ፊደል በፊደል አንብቦ ይፈርምበት።

ድንጋዩን የማይዝግ ብሎን ይያዘው፤ ተራ ብረት በሁለት ክረምት ዝገቱን በነጩ ድንጋይ ላይ ያወርዳል። ጣሪያ በሚከልለው ግድግዳ ላይ ይሁን። ስሞቹን በሀሁ ተራ ደርድሩ፤ የፕሮፌሰሩና የጥበቃው ፊደል መጠን እኩል ይሁን።

ጥያቄ፦ ለእያንዳንዱ ሟች አንድ ዛፍ ልንተክል አስበናል። የትኛው ይሻላል? (ከእንጅባራ)

መልስ፦ ዛፍን ከአንድ ሰው ስም ጋር አታያይዙ። ችግኝ ይደርቃል፤ የደረቀው የልጁ ከሆነ ቤተሰቡ ዳግም ያዝናል። ቦታውን የጋራ አፀድ አድርጋችሁ ስሞቹን መግቢያው ላይ ባለ ድንጋይ ጻፉ። ምስማር ግንድ ላይ አይመታ።

ዲከረንስ በአካባቢያችሁ ቶሎ ቢያድግም በ5 ዓመት ገደማ ለከሰል የሚቆረጥ ዛፍ ስለሆነ ለመታሰቢያ አይሆንም። ለእንጅባራ ደጋ ኮሶ፣ ዝግባና የሐበሻ ጥድ ተስማሚ ናቸው፤ ዋንዛ ለባሕር ዳር ይሻላል። ጉድጓዱ 50 በ50 ሳንቲሜትር ሆኖ በግንቦት ይቆፈር፤ የላዩ አፈር ለብቻ ይቀመጥ። በሐምሌ አጋማሽ የበሰበሰ ፍግ ቀላቅላችሁ ትከሉ፤ የችግኙን ፕላስቲክ ሳያወልቁ መቅበር ሥሩን አንቆ ይገድለዋል። ችግኞቹ የሚሞቱት በክረምት ሳይሆን ከጥር እስከ ሚያዝያ ነው፤ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በበጋው በሳምንት አንድ ጊዜ ከ10 እስከ 20 ሊትር ውኃ ይፈልጋሉ። ውኃ የሚያጠጣውን ሰው ስምና ደመወዙን የሚከፍለውን ከመትከላችሁ በፊት ወስኑ፤ አጥሩንም ከብት ሳይገባ እጠሩ።