ማይኤስኪውኤል ልቅ የሆነውን ግሩፕ ባይ ጨርሶ ይተወው?

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህ እንደገባኝ፣ ግሩፕ ባይ (ተመሳሳይ መስመሮችን በአንድ የሚሰበስበው ትእዛዝ) ውስጥ ያልገባ ኮለምን (ዓምድ) ሴሌክት (የሚወጣውን መምረጫ) ላይ መጻፍ የሚፈቅደው የዳታቤዙ የማይኤስኪውኤል ነገር ጨርሶ ይውጣ ወይስ ለቆየ ኮድ ሲባል ይቆይ ነው። እኔ ይውጣ ባይ ነኝ።

እዚሁ አዳማ ለአንድ የእህል ጅምላ መጋዘን የዱቤ ሪፖርት ሠርቼ ነበር። የደንበኛ ስም፣ በማክስ (ትልቁን ዋጋ በሚመርጠው) የተወሰደ የመጨረሻ ቀን፣ ከጎኑ ቀሪ ዕዳ፤ ከዚያ ግሩፕ ባይ ደንበኛ። መጀመሪያ ላይ እያንዳንዱ ደንበኛ አንድ መስመር ብቻ ስለነበረው ምንም አልታየም። በኋላ አንዲት የወለንጪቲ ነጋዴ መጡ። ወረቀቱ 18,500 ብር ይላል። እሳቸው ደረሰኞቻቸውን ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ፤ የቀረባቸው 3,000 ነው። «ልጄ፣ ቀኑ የኔ ነው፣ ብሩ ግን የድሮ ነው» አሉኝ። ልክ ነበሩ። ቀኑ ከመጨረሻው መስመር፣ ዕዳው ከመጀመሪያው መጥቷል። እዚያው ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ይባስ ብሎ፣ ያንኑ ሰሞን ለፍጥነት ብዬ ኢንዴክስ (የመፈለጊያ ማውጫ) ስጨምር የሌሎች ሰዎች ዕዳም ተቀያየረ። ዳታውን የነካው የለም።

ማኑዋሉ ራሱ ሰርቨሩ ከግሩፑ የፈለገውን ዋጋ መምረጥ ይችላል ይላል። ኤስኪውላይት የሚባለው ሌላ ዳታቤዝም እንዲህ ያለውን ኩየሪ (ለዳታቤዝ የሚቀርብ ጥያቄ) ይቀበላል። ግን ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማክስ ወይም ሚን (ትንሹን የሚመርጠው) ካለ ሌላውን ኮለምን ከዚያው መስመር ያመጣል፤ ይህንንም ጽፎ አስቀምጧል። ማይኤስኪውኤል ከኤስኪውኤል ስታንዳርድ መውጣቱ ብቻ አይደለም የሚያናድደኝ። ምን እንደሚሰጥህ አለመታወቁ ነው።

«የቆየ ኮድ ይሰበራል» የሚሉት እውነት አላቸው። ማይኤስኪውኤል 5.7 በ2015 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለውን ኩየሪ የማይቀበለውን ጥብቅ ሞድ (ONLY_FULL_GROUP_BY) ዲፎልት ሲያደርግ፣ ኩየሪው ሲከለከል የሚወጣው ስህተት 1055 ብዙ ሰው አስጨንቋል። ግን ዝም ብሎ የተሳሳተ ዕዳ ከሚያትም ቆሞ ቢጮህ ይሻላል። ማንኛውም ዋጋ ይበቃኛል ለሚል ኤኒ ቫልዩ የሚባል ፈንክሽን አለ፤ በ2023 እ.ኤ.አ. ስታንዳርዱ ውስጥ ገብቷል፣ ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ ቨርዥን 16 ላይም አለ። በፕራይመሪ ኪ (እያንዳንዱን መስመር ለብቻው በሚለየው ኮለምን) ግሩፕ ያደረገም ችግር የለበትም፣ ያልፋል። የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ከመውጣቱ በፊት ለአንድ ቨርዥን ያህል እየሠራ ማስጠንቀቂያ ይስጥ።

አንተ ግን ሞዱን አታጥፋው። የዳታቤዙን ኮፒ አስነሳና 1055 የሚያወጡትን ኩየሪዎች ልቀም። ብር ካለባቸው ጀምር። የመጨረሻውን መስመር ለማግኘት ማይኤስኪውኤል 8.0 ላይ ሮው ነምበር (በየግሩፑ መስመሮችን በተራ የሚቆጥረውን) ተጠቀም።