ስለ «ቴፔፓ» የፈለጋችሁትን ጠይቁ

የዛሬው ፊልም «ቴፔፓ» ነው። ጁሊዮ ፔትሮኒ የሠራው፣ በ1969 እ.ኤ.አ. የወጣ የጣሊያን ካውቦይ፤ ታሪኩ የሜክሲኮ አብዮት። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፦ ተቆራርጦ ያጠረውን የእንግሊዝኛ ቅጂ ያየ ሰው ፊልሙን አላየውም።

ጥያቄ፦ ከካውቦይ ፊልም ምርጡ የቱ ነው?
መልስ፦ ርዕሱን አንብብ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አብዮቱ አሸንፎ የለ እንዴ? ቴፔፓ ከማን ጋር ነው የሚዋጋው?
መልስ፦ እሰይ! ፊልሙ ያለው እዚህ ላይ ነው። አምባገነኑ ዲያዝ በ1911 ወረደ። ገበሬው ከአብዮቱ መሪ ከማዴሮ ጎን የተሰለፈው የተነጠቀ መሬቱን ላስመልስ ብሎ ነበር። ማዴሮ ግን «መጀመሪያ ጠመንጃችሁን አስረክቡ» አለ። መሬቱ ሳይመለስ ቀረ። የገበሬዎቹ መሪ ሳፓታም በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ መሬቱ ይመለስ የሚለውን የአያላን ዕቅድ አውጆ ውጊያውን ቀጠለ። ቴፔፓ የፈጠራ ሰው ነው፤ ብሶቱ ግን ይኸው ነው። ጠመንጃ የሚያስረክቡበትን ቦታ ልብ ብላችሁ እዩ።

ድርሰቱ ላይ ደግሞ «የአልጀርስ ጦርነት» የተባለውን ፊልም የጻፈው ፍራንኮ ሶሊናስ አለበት። ጀግናውን ጻድቅ አያደርግላችሁም። ቴፔፓ ሊረሸን ሲል አንድ እንግሊዛዊ ሐኪም በመኪና ደርሶ ያስመልጠዋል። ለምን? በገዛ እጁ ሊገድለው! ቴፔፓ እጮኛውን ደፍሯት ራሷን አጥፍታለች። ከማን ጎን እንደምትቆሙ እስኪጠፋችሁ ድረስ ይወስዳችኋል።

ጥያቄ፦ ሙዚቃው የሞሪኮኔ ነው?
መልስ፦ አዎ።

ጥያቄ፦ ዳይሬክተሩ ኦርሰን ዌልስ ምን ሊሠራ ገባበት?
መልስ፦ ኮሎኔል ካስኮሮን ሆኖ ነው። የራሱን ፊልሞች መሥሪያ ብር በትወና ነበር የሚለቅመው።

አንድ አባል፦ የዳይሬክተሩ የሊዮኔ የ1971 አብዮት ፊልም ግን ይበልጠዋል።
ሌላ አባል፦ አይ ወንድሜ፣ ያ ለዳይናማይቱ ነው የሚታየው።
አንደኛው፦ ቴፔፓን የሚጫወተው ቶማስ ሚሊያን ደግሞ ሜክሲካዊ እንኳ አይደለም!
መልስ፦ ኩባዊ ነው። ክርክሩን ውጭ ጨርሱ።

ጥያቄ፦ አብዮቱ አልቆ የለ እንዴ፣ ለምን ይዋጋል?
መልስ፦ ኧረ በፈጠራችሁ! ከላይ አለላችሁ።

ጥያቄ፦ አንድ ሰዓት ከምናምን የሚሆን ቅጂ አገኘሁ። ይበቃል?
መልስ፦ አይበቃም። የጣሊያኑ ሁለት ሰዓት ያልፋል። ስንቴ ልናገር?

ጥያቄ፦ መጨረሻ ላይ ልጁ፣ ፓኪቶ፣ ሐኪሙን ለምን ተኮሰበት?
መልስ፦ ሐኪሙ የቆሰለውን ቴፔፓን ሲያክም…
አንድ አባል፦ ኧረ ተው፣ ገና ያላየነው አለን!
መልስ፦ የ1969 ፊልም እኮ ነው።