«ከኋላ ያሉት አላስተምር አሉኝ» ላልሽው እህቴ

ሰላም እህቴ። 7ኛ ክፍል፣ ከ60 በላይ ተማሪ፣ ከኋላ ያሉት ወሬያቸውን አያቆሙም፤ አስወጥተሽ ስትመልሻቸውም ያው ናቸው። ባልደረቦችሽም «ዱላ ካልያዝሽ አያከብሩሽም» ብለውሻል። ለብዙ ዓመት በመንግሥት ትምህርት ቤት ሳስተምር የሠራልኝን ልንገርሽ።

ዱላውን ተዪው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካላዊ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ደግሞም የተመታ ልጅ ዝም የሚለው አንቺ እስክትወጪ ነው፤ ቀጥሎ የሚገባው መምህር ፍዳውን ያያል። ማንበርከክም ከዚሁ አይለይም።

ክፍል የሚረበሸው በአብዛኛው ደወል ተደውሎ ሥራ እስኪጀመር ባለው ጊዜና ጀርባሽን ሰጥተሽ ሰሌዳ ላይ ስትጽፊ ነው። ስለዚህ እንደገባሽ ከትናንቱ ትምህርት ሁለት ጥያቄ ጻፊ። መቀመጫቸውን ቋሚ ካደረግሽው፣ እነሱ ሲሠሩ የቀረውን በባዶው ቦታ ታውቂዋለሽ፤ ስም እየጠራሽ ጊዜ አታባክኚም። ማስታወሻውን ጽሑፋቸው የሚነበብ ልጆች በተራ ይጻፉልሽ፣ አንቺ በዴስኮቹ መሀል ተዘዋወሪ። የክፍል አለቃውን የረባሾች ስም ማስጻፍ ግን ይቅርብሽ፤ ጓደኞቹን ይዘላል፣ የተጣላውን ይጽፋል፣ በእረፍት ሰዓት ደግሞ ጠብ ይነሳል።

አሁን ዋናው ነገር። አንድ ተማሪ ነበረኝ፤ «አንብብ» በተባለ ቁጥር ቀልድ ያመጣል፣ ክፍሉ ይስቃል፣ መምህሩ ተናዶ ያስወጣዋል። ሳያነብ ተገላገለ ማለት ነው። በእረፍት ሰዓት ለብቻው ጠርቼ የ3ኛ ክፍል አማርኛ መጽሐፍ ሰጠሁት። ጣቱን ከፊደሉ ሥር እያስኬደ «ተ... ማ... ሪ... ዎ... ች» አለ፤ ግንባሩ በላብ ራሰ። 7ኛ ክፍል እስኪደርስ ማንም አልነቃበትም! ከዚያ በኋላ በነጋታው የሚነበበውን ሁለት መስመር አስቀድመን ለብቻችን እናነብ ጀመር፤ ክፍል ውስጥ የማስነብበውም ያንኑ ነበር። ቀልዱ በአንዴ አልጠፋም፤ እያደር ግን እሱን ማስወጣት አላስፈለገኝም።

ስለዚህ የኋላዎቹን ልጆች ደብተር ሰብስቢና እዪ። ከሰሌዳ የገለበጡት ፊደል እየተዘለለ ከሆነ፣ ወይ ሰሌዳው አይታያቸውም ወይ ማንበብ ይቸገራሉ። የማይታየውን ወደ ፊት አምጪው፤ የማያነበውን ለብቻው ያዢው፣ በጓደኞቹ ፊት እንዳታጋልጪው አደራ።

ተማሪ ላይ ያገኘሽውን ስልክ ለዩኒት ሊደሩ (የተማሪዎችን ሥርዓት ለሚከታተለው ኃላፊ) አስረክቢ፤ አንቺ ጋ ሆኖ ቢጠፋ ዕዳው ያንቺ ነው።

«ወላጅ ይዘህ ና» የሚለውን የመጨረሻ አድርጊው። ወላጅ የቀን ሥራውን ትቶ ነው የሚመጣው፤ አንዳንዱ ልጅ ደግሞ የሰፈር ጎረምሳ «አጎቴ ነው» ብሎ ያመጣል። ትክክለኛው ወላጅ ከመጣ ልጁ የሚችለውን አንድ ነገር አስቀድመሽ ንገሪው፤ ክስ ብቻ ሰምቶ የሄደ አባት ማታ ቤት ገብቶ ልጁን ይገርፋል።

የምታስተምሪው ሒሳብ ከሆነ ንገሪኝ፤ የመግቢያ ጥያቄዎቹ አወጣጥ ትንሽ ስለሚለይ እሱን ለብቻ እጽፍልሻለሁ።